መንፈስ አይደለም፣ ኒውትራል ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመብራት መስመር እዘረጋለሁ፣ ዲሽም እተክላለሁ። ሰሞኑን ግን ከሥራዬ ግማሹ የመንፈስ ክርክር ሆኗል። «መንፈስ ሲታደን በቲቪ አይተናል» ይሉኛል። የሚሉኝን ከነመልሱ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

«በቀጥታ ስርጭት ታይቷል።» ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1992 «ጎስትዋች» የሚባል የመንፈስ ፕሮግራም ሲያሳይ ማይክል ፓርኪንሰንን የሚያህል ታዋቂ የቲቪ አቅራቢ ስቱዲዮ ተቀምጦ ስለነበር ብዙ ተመልካች ቀጥታ መስሎት ጣቢያውን በስልክ አጨናነቀው። አስቀድሞ የተቀረጸ ድራማ ነበር።

«ምርመራ ነው።» የእንግሊዙ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2005 «ሞስት ሆንትድ» የሚባለውን የመንፈስ ፍለጋ ፕሮግራም መዝናኛ ነው ብሎታል።

«ድንገት ከበረደህ መንፈስ አልፏል።» ደብረ ብርሃን ላይ? እባካችሁ!

«ፎቶው ላይ ክብ ብርሃን አለ።» አቧራ ነው፣ ፍላሽ መታው።

«የመንፈሱ ድምፅ ተቀድቷል።» ከስር ባይጽፉላችሁ አንዲት ቃል አትሰሙም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ «መሣሪያው ለካው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ ተራኪ በሙዚቃ ታጅቦ ያወራ ነበር፣ ያመነ ያምናል። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ መብራት አጥፍተው መሣሪያ ይዘው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውን «ጎስት ሃንተርስ» የሚባል የአሜሪካ የመንፈስ አደን ፕሮግራም የሚመሩት ሰዎች የቀን ሥራቸው ቧንቧ ጥገና ነበር። ምነው አንድ የመብራት ሠራተኛ ቢጨምሩ! ያ የሚብለጨለጭ መሣሪያ የሚለካው ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ነው። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ካለፈ መስኩ አለ። ፍሪጅም ሞባይልም ያበራዋል። ድሮ ሰው ሲፈራ «ፈራሁ» ይል ነበር፤ አሁን ቁጥር ያሳየኛል።

አንዲት እማማ «ልጄ፣ ቤቴ ደህና አይደለም» ብለው አስጠሩኝ። ማታ ማታ አምፖሉ ይርገበገባል። የልጅ ልጃቸው ስልኩ ላይ «የመንፈስ መለኪያ» ጭኗል፣ አያቱ አልጋ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ይዘላል። የስልኩ መለኪያ ለኮምፓስ የተሠራ የማግኔት ሴንሰር ነው፤ አልጋው ደግሞ ብረት! እማማ ጸበል ረጭተዋል፣ እዚያ ውስጥ አልገባም፣ ሶኬቱ ላይ እንዳይሆን ብቻ ለመንኳቸው። የብሬከር ሳጥኑን ስከፍት የኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ብሎን ላልቶ ጫፉ ጠቁሯል። ለካ አምፖሉ የሚርገበገበው ምጣድ ሲሰካ ነው። ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል፣ የላላ ብሎን ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። እዚያ ቤት መፈራት የነበረበት ይሄ ነበር፤ እነሱ ግን አልጋውን ሲፈሩ ሰነበቱ።

ስለዚህ ምጣድ ስትሰኩ አምፖሉ ከተርገበገበ ብሬከሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁማ «ነገ» አትበሉ። ሳጥኑን ራሳችሁ አትነካኩ፣ 220 ቮልት ነው። ሶኬት ላይ ሶኬት እየደራረባችሁ ምጣድ አትሰኩ፣ ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር አስዘርጉ።

ብሎኑን አጥብቄ የጠቆረውን ቆርጬ ስወጣ ልጁ ስልኩን እንደያዘ አያቱን ይጠይቃል፦ «እዚህ አልጋ ላይ ሰው ሞቶ ያውቃል?»