የጦስኝ ሽታ ምንድን ነው?

ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ የሆነ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። የሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ኖሮ ዕፀዋት ይሰበስብ በነበረው ጀርመናዊ በቪልሄልም ሺምፐር ተሰይሟል። ናና፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በመንዝ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር ከፍታዎች፣ በቋጥኝ ሥርና በሣር መካከል ይበቅላል።

ቅጠሉ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። ወደ ዓይን አስጠግተው በብርሃን ቢያዩት ግን ገጹ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሽታው ያለው እዚያ ነው፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ዘይት ያቆረች ከረጢት ናት። እግር ሲረግጠው ወይም ጣት ሲያሸው ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ ዘይቱም ወዲያው ይተናል። በዘይቱ ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች ናቸው። አፍንጫን የሚከፍተው፣ ምላስ ላይም ሞቅ ብሎ የሚቀረው ኃይል የእነርሱ ነው። ቲሞል በአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሾች ውስጥም ስለሚገባ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይህን ሽታ ለምዶታል። ተክሉ ግን ዘይቱን የሚያዘጋጀው ተባይንና ሻጋታን ሊከላከልበት ነው።

ታዲያ ይህን ሽታ ያሸተተ የደጋ ሰው ለምን ጸጥ ያለ ተራራ ትዝ ይለዋል? ጦስኝ የሚወደው ከፍታ ብርድ የበዛበት፣ ሰውም እርሻም የሚሳሳበት ስለሆነ ይመስለኛል። የመንዝ ሕዝብ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰነ ለመቶዎች ዓመታት በጠበቀው በጓሳ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጭላዳ በሚግጥበትና ቀይ ቀበሮ አይጥ በሚያድንበት ሜዳ ላይ ጦስኝም አለ። ጭጋግ ሲወርድ ዓይን አሥር እርምጃ እንኳ አያይም፤ የረገጡት ነገር ግን ይሸታል። እኔ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሽታ አላውቅም።

በቤት ውስጥ ጦስኝ ከሻይ ጋር ይፈላል፤ ከሽሮና ከበርበሬ ቅመም ጋርም ይገባል። ጉንፋንና ሳል ሲይዝ የሚጠጣውም ብዙ ነው። መድረቅ ያለበት በጥላ ነው፤ ፀሐይ ዘይቱን ታተነዋለች። ሻዩም ውኃው ከፈላ በኋላ ጦስኙ ተጨምሮ፣ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይበቃዋል። ረጅም ጊዜ ያፈላው ሰው ሽታውን ለቤቱ አየር ሰጥቶ ለራሱ ምሬቱን ይጠጣል። ስኳርም ባይበዛበት እመርጣለሁ።

ገበያ የሚወጣው ጦስኝ አብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው፤ ከሥሩ ሲነቀል ደግሞ ሜዳው ይራቆታል። ስለዚህ ስትገዙ የግንዱን ጫፍ ተመልከቱ። አፈር የያዘ ሥር ካለው ተነቅሎ የመጣ ነው፤ በማጭድ የተቆረጠውን ምረጡ፣ የእርሱ ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል።