ፎልደር ሼር ሲደረግ «ኤቭሪዋን» ማለት ማን ነው?

ሳቢያን ያለ አንድ የድሬዳዋ ግቢ እንውሰድ። አከራይ፣ ሁለት ተከራይ፣ ቅዳሜ ከሐረር ብቅ የሚል እንግዳ፤ ዋይፋዩ ለሁሉም አንድ ነው። እዚህ ቤት ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ሼር ስታደርጉ «ኤቭሪዋን» የሚል ስም ይመጣና ያስደነግጣል።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማለት አይደለም። በፓስወርድ የሚጠበቀው ሼሪንግ እስከበራ ድረስ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አካውንትና ፓስወርድ ያለው ሁሉ ማለት ነው። ካጠፋችሁት ግን ተከራዩም እንግዳውም ሰተት ብለው ሊገቡ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚያጠፋው «አልገባ አለኝ» ብሎ ነው። ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ ፒን ነው። ፒን የሚሠራው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ ስትገቡ የሚጠየቀው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው።

ፎልደሩ ላይ የሚሰጡት ሁለት ዓይነት ፈቃዶችም ያምታታሉ። «ሼሪንግ» የሚለው በኔትወርክ ለሚመጣ ብቻ ነው፤ «ሴኩሪቲ» ደግሞ ኪቦርዱ ጋ ለተቀመጠውም ይሠራል። ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። ሼሪንግ ላይ «ፉል ኮንትሮል»፣ ሴኩሪቲ ላይ «ሪድ» ብቻ ከሰጣችሁ፣ ከተከራዮቹ አንዷ ከላፕቶፗ ሆና ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የሠርግ ፎቶ ታያለች እንጂ አታጠፋም። እኔ ብሆን ኤቭሪዋንን አስወጥቼ ለእሷ ብቻ አካውንት እከፍታለሁ።

ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ ሼር የሚያደርግበትን አሮጌ መንገድ፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ አብሩ የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በእሱ ቀዳዳ ነው።