አፍ መፍታት ሲዘገይ፦ በአሜሪካ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው የስፒች ቴራፒ አገልግሎት

በአሜሪካ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ አፍ መፍታት ከዘገየበት፣ ወላጁ ራሱ ደውሎ ነፃ ምርመራ መጠየቅ ይችላል። የሐኪም ማዘዣ አያስፈልግም። ስፒች ቴራፒን (የንግግር ሕክምናን) የሚያካትተው አገልግሎት በጥቅሉ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» (በጊዜ የሚሰጥ ድጋፍ) ይባላል፤ ስሙ ግን በየስቴቱ ይለያያል። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድ ላይ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»፣ ቨርጂኒያ ላይ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ ዲሲ ላይ ደግሞ «ስትሮንግ ስታርት» ይሉታል።

መሠረቱ ሕግ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የትምህርት ቤትን በር ከፈተ። በ1986 ሲሻሻል ገና የሚድሁትንም አቀፈ።

መቼ ይደወል? አብዛኞቹ ልጆች ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የመጀመሪያ ቃላቸውን ይላሉ። 2 ዓመት ሲሞላቸው ሁለት ቃል ያገጣጥማሉ፤ «እማ ውሃ»፣ «አባ ና» ይላሉ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በጣቱ የማያመለክት፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ዛሬ ነገ ሊባልለት አይገባም።

እኛ ዘንድ ግን ዛሬ ነገ ይባላል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ይባላል። እርግጥ ዘግይተው በራሳቸው የሚደርሱ ብዙ ልጆች አሉ። የትኛው እንደሚደርስ ግን አያትም ሐኪምም አስቀድሞ በእርግጠኝነት አያውቅም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ሁለት ቋንቋ አምታቶት ነው» የሚለው ነው። ይህን ሰምቶ ከልጁ ጋር አማርኛ ማውራት ያቆመ ወላጅ ጥቂት አይደለም። እባካችሁ አታቁሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። የልጁ ቃላት ሲቆጠሩም የሁለቱም ቋንቋ አብሮ ይቆጠራል። «ዳቦ» እና «ሚልክ» የሚል ልጅ ሁለት ቃል አለው።

ከተደወለ በኋላ ለቤተሰቡ አስተባባሪ ይመደባል። ምርመራውና የመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ ማለቅ አለባቸው። የልጁ ጆሮም ይታያል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ንግግሩም ስለሚዘገይ። ቀሪው አብዛኛው ጨዋታ ነው፤ የንግግር ባለሙያዋ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ከልጁ ጋር ትጫወታለች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጁ በአንድ የእድገት ዘርፍ ከእድሜው 25 በመቶ ከዘገየ ለአገልግሎቱ ብቁ ይሆናል።

አስተርጓሚ ጠይቁ። የቤተሰቡን ቋንቋ ማክበር ሕጉ ራሱ የሚለው ነው። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ጥሩ አስተርጓሚ ልጁ ያለውን ሳያቃና እንዳለ ያስተላልፋል። «ቆሎ» ለማለት «ኮሎ» ካለ፣ «ኮሎ» ብሎ ይናገራል። እንግሊዝኛ «ቀ» እና «ጠ» ስለሌሉት ባለሙያዋ ልዩነቱን ላትሰማው ትችላለች። የ2 ዓመት ልጅ «ኮሎ» ማለቱ ደግሞ የሚያስደነግጥ አይደለም።

እቅዱ የሚጻፈው ለቤተሰቡ በሙሉ ነው። በየ6 ወሩም ይታያል። ቴራፒው በአብዛኛው ቤት ወይም ዴይኬር ውስጥ ነው የሚሰጠው። ባለሙያዋ በሳምንት አንዴ ብትመጣ፣ ቀሪውን ስድስት ቀን ልጁን የሚያናግረው ወላጅ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ወላጁን ማሳየት ነው። ልጁ «ኳስ» ሲል «ትልቅ ኳስ» ብሎ መጨመር። ጠይቆ ዝም ብሎ መጠበቅ። የኛ «ኩኩሉ» እዚህ ላይ ግሩም ነው። አንዱ «ኩኩሉ!» ሲል ሌላው «አልነጋም!» ይላል። ልጁ ተራውን ጠብቆ መመለስ ይለማመዳል።

ክፍያን በተመለከተ ምርመራው የትም ቦታ ነፃ ነው። ለቴራፒው ሜሪላንድ ቤተሰብን አያስከፍልም፤ ቨርጂኒያ እንደ ገቢው መጠን ሊያስከፍል ይችላል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ ሕክምናው ያስፈልገዋል ከተባለ ይሸፈንለታል።

ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። የሽግግሩ ስብሰባ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ ይደረጋል። እዚያ ብቁ ሆኖ ከተገኘ «አይኢፒ» የሚባል የትምህርት እቅድ ይወጣለታል። 3 ዓመት ሊሞላው ከ45 ቀን ያነሰ የቀረው ልጅ ወላጅ ቢደውል በቀጥታ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይመራል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን፣ ቀኑም ቢያዝ ይሻላል።