ሰደድ እሳት ምንድን ነው? ከክብሪቱ በፊት ማገዶው

ሰደድ እሳት ማለት በደን፣ በቁጥቋጦ ወይም በሳር ሜዳ ላይ ተነስቶ ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሚዛመት እሳት ነው። ሰደድ የሚያሰኘው ትልቅነቱ አይደለም። ማሳ ለማጽዳት ታስቦበት የተለኮሰ እሳትም ሰፊ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ያኛው ግን ጠባቂ አለው። ሰደድ እሳት ነፋስ ወደመራው፣ ማገዶ ወዳገኘበት ይሄዳል።

እሳት በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ለኮሰው?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥፋተኛ ካለም ይጠየቅ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ብልጭታ ያረፈበት ቦታ እንዲህ ለመንደድ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው ለምንድን ነው? ክብሪት በየቀኑ ይጫራል፣ መብረቅም በየቀኑ ይወርዳል። አብዛኛው የትም ሳይደርስ ይጠፋል።

መነሻዎቹን ቶሎ እንለፋቸው። ከተፈጥሮ በኩል ዋናው ለኳሽ መብረቅ ነው። ክፉው ደግሞ ዝናብ የማያስከትለው መብረቅ ነው። ከደመናው የወረደው ዝናብ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ተንኖ ያልቃል፣ መብረቁ ግን ደረቁ ሳር ላይ ያርፋል። ሌላው በአመዛኙ የእኛው የሰዎች ሥራ ነው፦ በደንብ ያልጠፋ የካምፕ እሳት፣ የተጣለ ሲጋራ፣ ከእጅ ያመለጠ የማሳ ቃጠሎ፣ ብረት ሲቆረጥ የሚፈናጠር ብልጭታ፣ ደረቅ ሳር ላይ የቆመ መኪና የጋለ ጭስ ማውጫ። ሆን ብሎ የሚለኩስም አይጠፋም። በአሜሪካ ከሰደድ እሳቶች 85 በመቶ ያህሉ መነሻቸው ሰው ነው።

የኤሌክትሪክ መስመርም አለ። በ2018 የካሊፎርኒያዋን ፓራዳይዝ ከተማ ያወደመው እሳት የተነሳው በዕድሜ ብዛት ተበልቶ ከተሰበረ የመስመር ማንጠልጠያ ብረት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 85 ሰው ሞተ፤ ከ18,000 በላይ ቤትና ሌላ ግንባታ ነደደ። ግን አንድ የተሰበረ ብረት ብቻውን ከተማ አያቃጥልም። አካባቢው ለወራት ይህ ነው የሚባል ዝናብ አላየም ነበር። ነፋሱም በዚያን ቀን ብርቱ ነበር።

እሳት አጥፊዎች ሦስት ነገር ያያሉ፦ ማገዶውን፣ የአየሩን ጠባይና የመሬቱን አቀማመጥ። ስለ አየሩ በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከበለጠ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ ካነሰ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ካለፈ ነገሩ አስጊ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን ከተገናኙ ክብሪት የሚባል ነገር ከኪስ ባይወጣ ይሻላል።

መሬቱ ደግሞ እንዲህ ነው፤ እሳት ዳገት ይወዳል። ሽቅብ ሲሄድ ነበልባሉ ከፊቱ ላለው ተክል ስለሚቀርብ ቀድሞ ያደርቀዋል፣ ያግለዋል። በተለመደው ስሌት ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ከእሳት ሽቅብ ሮጦ ማምለጥ የሚታሰብ አይደለም።

ብዙዎቻችን ሰደድ እሳትን እየገፋ የሚመጣ የነበልባል ግድግዳ አድርገን እናስበዋለን። ቤት የሚያቃጥለው ግን ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ቀድሞ በነፋስ የሚበረው ፍም ነው። ፍሙ ጣሪያ አሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ቅጠል ላይ ይወድቃል፤ ወይ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይገባና ቤቱን ከውስጥ ይለኩሰዋል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በደረሰው ቃጠሎ 173 ሰው ሞቷል። በዚያን ዕለት ፍም ከእሳቱ ግንባር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ እሳት አስነስቷል። ለእንዲህ ያለው እሳት ወንዝም ሆነ ሰፊ መንገድ ምኑም አይደለም። ሲብስበትም የራሱን አየር ይፈጥራል። የጋለው አየርና ጭስ ወደ ላይ ተተኩሶ ነጎድጓዳማ ደመና ይሆናል፣ ደመናው መብረቅ ይጥላል፣ መብረቁም ሌላ እሳት ይለኩሳል።

አሁን ወደ ማገዶው። በኦገስት 1910 በአሜሪካ በአይዳሆና በሞንታና በሁለት ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነደደ። አገሪቱ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ እሳት በሙሉ ጠላት ሆነ። በ1935 የደን አገልግሎቱ አንድ መመሪያ አወጣ፦ ማንኛውም እሳት በታየ ማግስት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር ይዋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሠራበት። ውጤቱስ? በየጊዜው በትንንሽ እሳት ይጸዳ የነበረው ደረቅ ቅጠል፣ የወደቀ ግንድና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ተጠራቀመ። ትንንሹ እሳት በጠፋ ቁጥር ለትልቁ ማገዶ ተከመረለት። ቁጥቋጦው ደግሞ ነበልባሉን ከመሬት ወደ ዛፉ ጫፍ የሚያወጣ መሰላል ነው። አንዴ ጫፉን ከያዘ በውሃ የሚመለስ አይደለም።

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናሎች፣ ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ነፋሱ ሲረጋ፣ ትንንሽ ቦታ እየመረጡ በዝቅተኛ ነበልባል ያቃጥሉ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች «ታቅዶ የሚለኮስ እሳት» እያሉ የሚሠሩበት ዘዴ ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። አደጋ የለውም አልልም፤ ከእጅ ያመለጠበት ጊዜ አለ። ሳያጸዱ መተው ግን የባሰ ነው።

በዚህ ላይ የዓለም ሙቀት መጨመር አለ። ሞቃት አየር ከአፈሩም ከቅጠሉም ብዙ እርጥበት ይመጥጣል። የእሳቱም ወቅት ይረዝማል። በ2023 በካናዳ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጥሏል። በጁን ወር የኒው ዮርክ ሰማይ በጭሱ ብርቱካናማ ሆኖ ነበር። የነደደው ደን ግን ካናዳ ውስጥ ነበር።

ጉዳቱንም ማየት ያለብን ከዚሁ ከጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያንሳል። በአፍንጫና በጉሮሮ አይጣራም፤ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። አስም ያለበትን፣ የልብ ሕመምተኛን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ቀድሞ ይጎዳል። በነበልባሉ ተቃጥሎ ከሚሞተው ይልቅ በጭስ ሳቢያ የሚሞተው ሰው እጅግ ይበልጣል። ዜና የሚሆነው ግን ነበልባሉ ነው።

እሳቱ ሲጠፋም ጣጣው አያልቅም። ሥር የያዘው አፈር ይለቀቃል፤ ኃይለኛ ሙቀት ያገኘው የላይኛው አፈርም ውሃ አላስገባ ይላል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተያይዞ ይወርዳል። ካሊፎርኒያ ሞንቴሲቶ ውስጥ በጃንዩዋሪ 2018 የደረሰው የጭቃ ናዳ 23 ሰው ገድሏል። ከላይ ያለው ተራራ የነደደው ገና ከሳምንታት በፊት ነበር።

ለተፈጥሮ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ሎጅፖል የሚባለው የጥድ ዝርያ ብዙዎቹ ፍሬዎቹ በሙጫ የታሸጉ ናቸው፤ ሙጫው በእሳት ሙቀት ሲቀልጥ ዘሩ ይፈስሳል። ብዙ የባሕር ዛፍ ዝርያዎችም ከተቃጠለው ግንድ ላይ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ችግሩ የሚመጣው እሳቱ ሲደጋገም ነው። አዲሱ ችግኝ ፍሬ ሳያፈራ ዳግመኛ ከነደደ ደኑ ቀርቶ ሳርና ቁጥቋጦ ቦታውን ይወርሳል።

እንግዲህ መከላከሉ የሚጀምረው ከማገዶው ነው። ቤታችሁ ደን አጠገብ ከሆነ ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 1.5 ሜትር ውስጥ የሚነድ ነገር አይኑር፦ እንጨት፣ ደረቅ ተክል፣ የፕላስቲክ ወንበር። እስከ 30 ሜትር ድረስ ደግሞ ሳሩ ይታጨድ፣ ዝቅ ያሉት ቅርንጫፎች ይቆረጡ። አሸንዳው ይጠረግ፣ ቀዳዳው በደቃቅ የብረት ወንፊት ይሸፈን። ለካምፕ እሳት አፈር መመለስ አይበቃም፤ ፍሙ ከሥር ለሰዓታት ይቆያል። ውሃ አፍስሱ፣ ቆስቁሱ፣ እንደገና አፍስሱ። በእጅ ጀርባ ሲጠጉት ሙቀት ካለ አልጠፋም ማለት ነው።

እሳቱ ከመጣ ደግሞ ቀድሞ መውጣት ነው። በ2017 በፖርቱጋል ፔድሮጋው ግራንዴ አካባቢ ከሞቱት 66 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው ያለፈው መንገድ ላይ፣ ሲሸሹ ነው። «እስኪ ትንሽ እንይ» ማለት ያስከፍላል። ለጭሱ እርጥብ ጨርቅ ብዙም አይረዳም፤ ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ነው፣ እሱም ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ። መመለስ የሚቻለው ተመለሱ ሲባል ብቻ ነው። የዛፍ ሥር ከመሬት በታች ለቀናት ሲነድ ይቆያል፤ ላይ ላዩን አመድ ብቻ የሚመስል ቦታ እግርን ይዞ ሊገባ ይችላል።