በቢግፉት ፌስቲቫል ላይ ዳስ ዘርግቶ መነገድ

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ማሪዮን የምትባል ትንሽ የተራራ ሥር ከተማ አለች። ነዋሪዋ ስምንት ሺህ እንኳን አይሞላም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ግን ዋናው መንገዷ ለመኪና ይዘጋና በሰው ይጥለቀለቃል። የሚመጣው ሕዝብ ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁሉም የሚመጣው ማንም ይዞ አሳይቶት ለማያውቅ አንድ ፍጥረት ሲል ነው። ቢግፉት ይሉታል። ጸጉራም፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ከሰው የሚረዝም፣ ጫካ ለጫካ የሚኖር ግዙፍ ነገር ነው አሉ።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ድንኳኖች ተደርድረዋል። ቲሸርት፣ ስቲከር፣ ሳሙና፣ የደረቀ ሥጋ፣ ከግንድ የተፈለፈለ የቢግፉት ሐውልት ይሸጣል። አዲስ አበባ በበዓል ሰሞን ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር የገባ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚህ የበዓሉ ባለቤት ራሱ አንድም ቀን መጥቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ቢግፉት መኖር አለመኖር ሳይሆን ከእነዚያ ድንኳኖች ጀርባ ቆመው ስለሚውሉት ሰዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የንግዱን ነገር ለመረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1958 ሰሜን ካሊፎርኒያ ብላፍ ክሪክ አካባቢ መንገድ ይቆረጥ ነበር። ጄሪ ክሩ የተባለ የቡልዶዘር ሠራተኛ ማሽኑ አጠገብ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር ዱካ አየ። በጀሶ ቀርጾ ወደ ከተማ ወሰደው። የሀምቦልት ታይምስ ጋዜጣ ጸሐፊ አንድሩ ጀንዞሊ ታሪኩን ከፎቶው ጋር አወጣው፤ «ቢግፉት» የሚለው ስምም ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ ተዛመተ። የመንገዱ ሥራ ተቋራጭ የነበረው ሬይ ዋላስ በ2002 ሲሞት ቤተሰቦቹ ከእንጨት የተጠረቡ ትልልቅ እግሮች አውጥተው «የእሱ ቀልድ ነበር» አሉ። አማኞቹ ግን አልተቀበሏቸውም። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ታሪኩን ያስነሳው ያ የጀሶ እግር ነበር፤ ዛሬም ፌስቲቫል ላይ ጠረጴዛ የሚያደምቀው የጀሶ እግር ነው።

ቀጥሎ ኦክቶበር 20 ቀን 1967 መጣ። ሮጀር ፓተርሰንና ቦብ ጊምሊን እዚያው ብላፍ ክሪክ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም አነሱ። ጥቁር ጸጉራም ነገር እየተራመደ ዞር ብሎ ካሜራውን ያያል። ፍሬም 352 ይባላል ያ ምስል። እጁን ወርወር፣ አንገቱን መለስ አድርጎ። ቲሸርት ላይ፣ መኪና መስኮት ላይ፣ ቡና ስኒ ላይ የምታዩት ጥላ ያው ነው።

ዛሬ ፌስቲቫሉ ብዙ ነው። ብላፍ ክሪክ አቅራቢያ ያለችው ዊሎው ክሪክ በየዓመቱ ሰልፍና ገበያ ታደርጋለች። ኦክላሆማ ሆኖቢያ አለ። ኦሃዮ ሶልት ፎርክ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ከገበያው ይልቅ ንግግሩ የሚበዛበት ጉባኤ ይካሄዳል። ካናዳ ሃሪሰን ሆት ስፕሪንግስ «ሳስኳች ቀናት» አሏት፤ ሳስኳች የቢግፉት ሌላ ስሙ ነው። የማሪዮኑ በ2018 ነው የተጀመረው፤ አነሳሱ ራሱ ጨዋታ ነው። በ2017 ክረምት ቢግፉት 911 የተባለው ቡድን መሥራች ጆን ብሩነር በዚያ አካባቢ ጫካ ውስጥ ፍጥረቱን በዓይኔ አየሁ አለ። ወሬው ሲሰማ የጎረቤት ክፍለ አገር ከተማ የሆነችው የግሪንቪል ፖሊስ «ቢግፉትን ካያችሁ እንዳትተኩሱ፤ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ተጫዋች ሰው ነው የምትመቱት» የሚል ማሳሰቢያ ለቀቀ።

አሁን ወደ ዳሱ። አብዛኛው ቦታ የሚከራየው በአሥር ጫማ በአሥር ጫማ ነው፤ በግምት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር። በእኛ ቋንቋ ጉልት በሉት፣ ጣሪያ ያለው ጉልት። ቦታው የሚያዘው ከወራት በፊት ነው። ማመልከቻ ይሞላል፣ የሸቀጡ ፎቶ ይላካል፣ ኪራዩ አስቀድሞ ይከፈላል። አዘጋጆቹ ተመሳሳይ ነገር የሚሸጡ አሥር ዳሶች ጎን ለጎን እንዳይቆሙ ይመርጣሉ። ስለዚህ «የቢግፉት ቲሸርት» ብቻ ብሎ የሚያመለክት አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ አይቀናውም። የራሱ እጅ ሥራ ያለው ይቀናዋል።

ከዚያ የወረቀት ጣጣ ይመጣል። የሽያጭ ታክስ እንደ ክፍለ አገሩ ይለያያል። ኦሪገን ጭራሹኑ የሽያጭ ታክስ የላትም። ካሊፎርኒያ ለጥቂት ቀን ለሚነግድ ሰው ጊዜያዊ የሻጭ ፈቃድ ትሰጣለች። ሰሜን ካሮላይና እንደዚህ ባለ ገበያ የሚሸጥ ሰው በግብር መሥሪያ ቤቱ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀቱን ደንበኛ በሚያየው ቦታ እንዲያደርግ ትጠይቃለች። ብዙ አዘጋጆች የአንድ ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስም ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚገዛው ሽፋን ውድ አይደለም። ምግብ የሚሸጥ ከሆነ የጤና ቢሮ ፈቃድ ይጨመራል፤ እሱ ራሱን የቻለ ዓለም ነው።

ኢንሹራንሱ ለምን እንደሚጠየቅ የሚገባው ንፋስ የመጣ ዕለት ነው። ታጣፊ ድንኳን ያለ ክብደት ማለት ጃንጥላ ማለት ነው። አስፋልት ላይ ችንካር አይመታም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው በየእግሩ የአሸዋ ከረጢት፣ ወይም ሲሚንቶ የተሞላ የፕላስቲክ ቧንቧ ያስራሉ፤ በአንድ እግር ወደ 18 ኪሎ። አዲሱ ነጋዴ ውኃ የሞላ ጀሪካን ያንጠለጥላል። ከሰዓት በኋላ የተራራ ንፋስ ሲነሳ የማን ድንኳን መጀመሪያ እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል።

ሸቀጡን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ። ርካሹ ከፊት፣ ውዱ ከኋላ። ስቲከርና ማግኔት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ ይነካዋል፣ እናት ትከፍላለች። ቲሸርት ከኋላ ይሰቀላል። የሚያልቀው ደግሞ ትልልቁ ቁጥር ነው። ድርብና ሦስት ኤክስ ኤል ከቀትር በፊት ያልቅና «ትንሽ» የሚለው ቁጥር እስከ ማታ ባለቤቱን ያየዋል። ስለ ቢግፉት የሚለበሰው ቀልድ አብዛኛው አንድ ነው፤ «የድብብቆሽ ሻምፒዮን» የሚለው በየዳሱ አለ። እሱን ይዞ የሚመጣ በዋጋ ብቻ ይፎካከራል፤ ዋጋ ላይ ደግሞ ከጅምላ አስመጪ ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ የለም።

ከሕግ በኩል «ቢግፉት» የሚለውን ስም ማንም በብቸኝነት አልያዘውም ብሎ እጅን መዘርጋት አይገባም። የፊልም ገጸ ባሕርይ፣ የማስታወቂያ ሥዕል፣ የሌላ ሠዓሊ ንድፍ ባለቤት አለው። ሌላም አለ። «ሳስኳች» የሚለው ስም የመጣው ካናዳ ውስጥ ካለችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች፣ ከሃልኮሜለም ቋንቋ ነው። ለእነሱ ነገሩ የቲሸርት ቀልድ አይደለም። የነባር ሕዝቦችን ቅርጽ አስመስሎ ሠርቶ «የእነሱ እጅ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ደግሞ በአሜሪካ በ1990 በወጣው የፌደራል ሕግ ወንጀል ነው፤ እስር አለው፣ መቀጫውም እስከ 250 ሺህ ዶላር ይደርሳል።

ገንዘቡን በምሳሌ እንየው። የቦታ ኪራይ 200 ዶላር፣ ኢንሹራንስ 50፣ ሁለት አዳር 240፣ ነዳጅ 80 እንበል። ድምሩ 570 ነው። ዘጠኝ ዶላር የተገዛ ቲሸርት 25 ቢሸጥና የካርድ ማሽኑ የራሱን ቢቀነጥብ ወደ 15 ዶላር ይተርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 38 ቲሸርቶች የሚሸጡት ለባለቤቱ አይደለም። ለመንገዱ፣ ለአልጋውና ለአዘጋጁ ነው። ለራሱ መሥራት የሚጀምረው 39ኛው ላይ ነው። ምሳና ሁለት ቀን የቆመ እግር አልተቆጠረም። ለዚህም ነው ብዙዎቹ መደበኛ ሥራ ያላቸው፤ ዳሱ የቅዳሜና እሁድ ነው።

ዝርዝር ብር መያዝም አይረሳ። ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ለአራት ዶላር ስቲከር የመቶ ዶላር ኖት ይዘረጋል፤ ይህ የማይቀር ነው። የተራራ ከተማ ላይ ያን ሁሉ ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲሰበሰብ ደግሞ የስልክ ኔትወርክ ይሞታል፣ የካርድ ማሽኑም አብሮ። ያለ ኔትወርክ ክፍያ መዝግቦ ቆይቶ የሚልክ ማሽን ያለው ይድናል። የሌለው «ካሽ ብቻ» ብሎ ካርቶን ላይ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ግን የየትኛውም ባዛር ወግ ነው። የቢግፉት ገበያ የሚለየው በወሬው ነው።

ባለዳሱ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «አንተስ ታምናለህ?» አምናለሁ ካለ ቀልደኛው ይስቅበታል። አላምንም ካለ ከኦሃዮ ድረስ ስምንት ሰዓት ነድቶ የመጣው ሰውዬ ፊቱን ያዞራል። የቆዩት ነጋዴዎች መልሳቸው ጥያቄ ነው፤ «አንተስ አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ የሚሆነውን ማየት ነው። እግር የጣለው የመሰለ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ጎልማሳ ሰው ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሌሊት አጋዘን ሊያድን ወጥቶ የሰማውን ጩኸት ይናገራል። እንጨት በእንጨት ሲመታ የሰማውን። ሲያወራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጀሶ እግር ይዳብሳል፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ጨርሶ ጫማውን ጎኑ አስጠግቶ ይለካል። የገዛ እግሩ የሕፃን መስሎ ሲታየው ይስቃል። የጀሶውን እግር ይገዛል።

ጀሶ ይከብዳል፣ ይሰበራልም። ብልሁ ሻጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ስም ጽፎ ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጥለታል፤ ሲመለስ ይወስዳል። ሲመለስ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ዘመድ ይዞ ነው። ቁመት ሙሉ የሆነ የጣውላ ቢግፉት አቁሞ ፎቶ ማስነሳትም ገበያተኛ ይጠራል። ግን ከዳሱ ጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቁም። ፊት ለፊት ካቆሙት ፎቶ የሚነሳው ሕዝብ የሚገዛውን ይዘጋዋል።

ማስረጃ በተመለከተ ባለዳሱ ባይከራከር ይሻለዋል። ቁም ነገሩን ግን ማወቅ አለበት፤ ይጠየቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፒተር በርን የተባለ የቢግፉት ፈላጊ ለኤፍ ቢ አይ ጸጉር ልኮ ነበር። ተመርምሮ የአጋዘን ወገን ሆነ፤ ሰነዱ በ2019 ለሕዝብ ወጥቷል። በ2014 የኦክስፎርዱ ብራያን ሳይክስ ቡድን ከየአገሩ የተሰበሰበ ጸጉር በዘረመል መርምሮ አዲስ ዝንጀሮ መሰል ፍጥረት አላገኘም። የታወቀ እንስሳ ነበር ሁሉም። በሌላ በኩል ዋሺንግተን ክፍለ አገር ውስጥ ያለችው ስካማኒያ ካውንቲ በ1969 ቢግፉትን መግደል እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚያስቀጣ ደንብ አውጥታ ነበር፤ በ1984 ተሻሽሎ ቅጣቱ ቀንሷል። የወጣበት ቀን ኤፕሪል አንድ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ደንቡ ግን የእውነት ደንብ ነው።

የዋሺንግተን ነገር ሲነሳ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለ። የቢግፉት መስክ አጥኚዎች ድርጅት በሚይዘው መዝገብ ላይ «አየሁ» የሚል ሰው በብዛት የተመዘገበው በዚያ ክፍለ አገር ነው። ሲያትል ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ከተማ ናት። በ2008 ድንቅነሽ፣ የራሳችን ሉሲ፣ እዚያ ለዕይታ ቀርባ ነበር። በ1974 ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት፣ በሁለት እግሯ ትሄድ የነበረች፣ አጥንቷ የሚቆጠር። የተጠበቀው ያህል ሰው አልመጣም፤ ዝግጅቱ ከሰረ። አንድ አጥንት ያላቀረበው ቢግፉት ግን መንገድ ያዘጋል። ሳስበው ትንሽ ያናድደኛል። የገበያ ዓይን ላለው ሰው ግን አይደንቅም። ድንቅነሽን ያየ ሰው ያዳምጣል እንጂ የሚጨምረው የለውም። ቢግፉት ላይ ግን ሁሉም የሚጨምረው አለው።

ወደ አመሻሽ የጎሪላ ልብስ የለበሱት ጭንብላቸውን አውልቀው ላባቸውን ይጠርጋሉ። አስመስሎ የመጮህ ውድድር ካለ እሱም ያበቃል። መኪና ወደ መንገዱ የሚገባው አዘጋጁ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ድንኳን ያፈረሰ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ሊከለከል ይችላል። ቲሸርቱ በቁጥሩ ተለይቶ ሣጥን ይገባል፣ የቀረው ይቆጠራል፣ ከረጢቱ ይፈታል።

ድንኳኑ ተጣጥፎ፣ ጠረጴዛው ተነስቶ፣ የመጨረሻው ሣጥን እጅ ላይ እያለ አንድ ሰው ስልኩን ዘርግቶ ይመጣል። ጨለማ ፎቶ ነው። ዛፍ፣ ከዛፉ ጀርባ ሌላ ጥቁር ነገር። ግንድ ይመስላል። ባለዳሱ ሣጥኑን መሬት ያስቀምጥና ስልኩን ተቀብሎ ምስሉን በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል።