በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የከብት ባክቴሪያ በሽታዎች ዘረመል

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ከእርሷ ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች። ከዚያ ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ የአፋርን ቆላ ከወሎ ደጋ ያገናኛል። በባቲ የሰኞ ገበያ የቆላውና የደጋው መንጋ ይገናኛል፤ ባክቴሪያውም አብሮ ይጓዛል። የተሸከመው ባክቴሪያ በሽታ ማድረስ አለማድረሱ ግን በአብዛኛው በያዛቸው ዘረመሎች ይወሰናል።

አባ ሰንጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የበሽታው አምጪ ከክሮሞዞሙ ሌላ ፕላዝሚድ የሚባሉ ሁለት የዲኤንኤ ቀለበቶች አሉት። ትልቁ 182 ሺህ ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት፣ የመርዙን ሦስት ክፍሎች የሚሠሩትን ዘረመሎች ይዟል። አንደኛው ክፍል በእንስሳው ሕዋስ ላይ ተጣብቆ በር ይከፍታል። ሁለቱ በዚያው በር ይገባሉ፤ አንዱ ሕዋሱ ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል፣ ሌላው የሕዋሱን ውስጣዊ መልእክት ያቋርጣል። ትንሹ ፕላዝሚድ ደግሞ ባክቴሪያውን ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይውጡት የሚከልል ሽፋን ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንስሳት ሐኪሙ ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ ይህ ሽፋን የሌለው ዝርያ አገኘ። ትንሹ ፕላዝሚድ ጠፍቶበት ነበር። ዛሬ በዓለም በስፋት የሚሰጠው የከብት አባ ሰንጋ ክትባት የዚያ ዝርያ ውጤት ነው። አንድ ቀለበት መጥፋቱ ገዳዩን ወደ መድኃኒትነት ለወጠው ማለት ነው።

ሥርጭቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሞተው በሬ ሲቀደድ ባክቴሪያው አየር ያገኝና ስፖር፣ ማለትም በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ እንቅልፋም ሕዋስ፣ ይሆናል፤ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለማይራባ ዘረመሉም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ የሁለት ወረርሽኞችን ዝምድና ለመለየት ሙሉ ጂኖሙን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዲኤንኤ በጠቅላላ፣ ማንበብ ያስፈልጋል። ታሞ የሞተን ከብት ሥጋ በርካሽ የሚከፋፈሉ ሰዎች ጉዳታቸው በራሳቸው ብቻ አይቀርም፤ ለመጪ ዓመታት የሚሆን ስፖር በመስኩ ላይ ይዘራሉ።

በደጋው በጎችን የሚያጠቃው የሳንባ ጎሮርሳ ጠባዩ ይለያል። ከአምጪዎቹ አንዱ፣ ማንሄይሚያ የተባለው ባክቴሪያ፣ በጤነኛ በግ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል። በግ ተጭኖ ሲንገላታ፣ ሲራብ ወይም ከቆላ ሙቀት በአንድ ጊዜ ወደ ደሴ ብርድ ሲወጣ ግን ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ይወርዳል። በዚያም ሌኩቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ይህን የሚያስፈጽሙት ተርታውን የተቀመጡ አራት ዘረመሎች ናቸው፦ አንዱ መርዙን ይሠራል፣ አንዱ ያነቃዋል፣ ሁለቱ ከባክቴሪያው ያስወጡታል። መርዙ የሚያመሰኩ እንስሳትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለይቶ ይገድላል።

የዚሁ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚቋቋሙ ዘረመሎችንም ይለዋወጣሉ። አሜሪካ ውስጥ በማድለቢያ ከነበረ ከብት የተገኘ አንድ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ከአሥር በላይ የመቋቋሚያ ዘረመሎችን ተሸክሞ ታይቷል። ያለ ምርመራ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መውጋት፣ መጠኑንም አሳንሶ መስጠት፣ እንዲህ ላሉት ዘረመሎች መንገድ ይጠርጋል። ናሙና ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ መላክ ሲቻል በግምት ማከም ተገቢ አይመስለኝም።

የእንስሳው ዘር ራሱም ይወስናል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሆልስታይን በተባለው የውጭ የወተት ከብት ዝርያ ላይ 22.2 በመቶ፣ በሀገረሰብ ዜቡ ላይ 11.6 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል፤ ቁስሉም በሆልስታይኖቹ ላይ የከፋ ነበር። ስለዚህ ለወተት ብለው የሆልስታይን ዲቃላ የሚያረቡ የከተማ አርቢዎች፣ ላሚቱን በመግዛት ብቻ ከዜቡ ባለቤት የተለየ ስጋት ውስጥ ይገባሉ። የነቀርሳው ባክቴሪያም የራሱ የዘር ሐረግ አለው፤ አፍሪካ 2 የተባለው ሐረግ በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በቡሩንዲ ከብቶች ላይ የተገኘ ሲሆን፣ የሚለየውም ከጂኖሙ በጎደለ 14 ሺህ ገደማ ፊደላት ባሉት አንድ ቁራጭ ነው።