ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ፦ በመስከረም አደይ አበባንና ወፎችን ፎቶ ማንሳት

በአዲሱ ገበያ በኩል ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ካሜራ ያነገተ ሰው አያጣም። የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አደይ አበባና የመስቀል ወፍ። ርቀቱ አጭር ነው፤ ከመሃል ከተማ እስከ ሱሉልታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን ከፍታው ሁለት ጊዜ ይለዋወጣል። መሃል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ወደ 2,600 ሜትር ዝቅ ይላል። ተራራው ላይ የሚገኘው ወፍና ቁጥቋጦ ሜዳው ላይ የለም፤ የሜዳው ዝይም ተራራው ላይ አይገኝም። አንድ ጠዋት ለሁለቱም በቂ አይደለምና፣ ጊዜው ካለ እንጦጦን ለአንድ ቀን፣ ሱሉልታን ለሌላ ቀን መያዝ ይሻላል።

የወቅቱ ነገር

ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ አንድ ቀን ብቅ ያለን ሰው "የመስቀል ወፍ ሆንክብን" እንለዋለን። ወፉ ግን የትም ሄዶ አልነበረም። በብዙ ቦታ የመስቀል ወፍ የሚባሉት ወንዶች ከጥቂት ወራት በፊት እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆነው፣ ድንቢጥ መስለው፣ እዚያው ሣር ውስጥ ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ ላባቸውን ቀይረው ለመራቢያ ይለብሳሉ። በሱሉልታ አካባቢ በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ያለው ነው። ሌላው ጥቁር፣ ጅራተ ረጅም፣ አናቱና አንገቱ ዙሪያ ቀይ የሆነው ነው። መራባቱ ሲያበቃ ልብሱ ይወልቃል። በኅዳር የሄደ ሰው "ወፎቹ የሉም" ብሎ የሚመለሰው ዓይኑ ሥር እያሉ ነው።

አደይም እንዲሁ በስሙ ብቻ የሚታወቅ አበባ ነው። አንድ ዝርያ ብቻም አይደለም፤ የባይደንስ ወገን የሆኑ የተለያዩ ቢጫ አበቦች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። አብዛኛው በአንድ ዓመት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ የሚደርቅ ተክል ነው። ስለዚህ ዘር ሳይጥል የተረገጠ ማሳ ዳር በሚቀጥለው መስከረም ይሳሳል። ቢጫ ሁሉ አደይ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። በየማሳው ዳር የሚበቅለው መጭ፣ ከዚያም ዘግየት ብሎ የሚያብበው ኑግ፣ ከሩቅ ሲታዩ ከአደይ አይለዩም። ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ ነው፤ የአደይ ቅጠል እንደ ድንብላል የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ የመጭና የኑግ ግን ያልተከፋፈለ፣ ከግንዱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ፎቶው ላይ ስም ለመጻፍ የሚያስብ ሰው አበባውን ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከዚያም ቅጠሉንና ሙሉ ተክሉን ማንሳት አለበት። ከፊት ብቻ በተነሣ ፎቶ ባለሙያም ቢሆን ደፍሮ ስም አይሰጥም።

ብርሃንና ሰዓት

በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12:15 አካባቢ ነው። ቀንና ሌሊቱ እኩል በሚሆኑበት በዚህ ወቅት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ለስላሳው ብርሃን ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱም ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ ገና አልተወም። ከቤት በ11 ሰዓት ያልወጣ ሰው ያመለጠውን በማስተካከያ ፕሮግራም አይመልሰውም። ጭጋግ ያለበት ጠዋት ግን ዕድል ነው፤ በተለይ የእንጦጦ ጽድና ባሕር ዛፍ መሃል ጭጋጉ እስኪገፈፍ ለመልክዓ ምድር የሚሆን ብርሃን ይቆያል። መኪና ለሚያሽከረክር ግን አደጋ ነው፤ ሲሚንቶ የጫኑ ሲኖዎችና አይሱዙዎች በዚሁ ቁልቁለት ነው የሚወርዱት፤ የአስፋልቱ ዳርም በብዙ ቦታ ተበልቷል። ጥምዝ ላይ ቆሞ አበባ ማንሳት ለአበባም ለሰውም አይበጅም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ከአራት ሰዓት በኋላ በ400 ወይም በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሜዳው ማዶ ያለ ዝይ ሲነሣ ፎቶው የደበዘዘ ይሆናል፤ ሰዉም ሌንሱን ይራገማል። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። እርጥቡ መሬት ሲሞቅ ከላዩ የሚነሣው አየር እየተንቀጠቀጠ ምስሉን ያጣምመዋል። ሹተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውን የካሜራ መዝጊያ) ማፍጠን አይፈታውም፤ የሚፈታው መቅረብ ወይም በነጋታው በማለዳ መምጣት ብቻ ነው።

ቢጫውን ማዳን

አደይ ለካሜራ ከባድ አበባ ነው። ቢጫ በካሜራው ውስጥ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ነው፤ ቀዩ ቀድሞ ሞልቶ ይፈሳል። አጠቃላዩ ሂስቶግራም (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበት ግራፍ) ደህና መስሎ ሳለ የአበባው ቅጠል መስመርና ጥላ የሌለው ቢጫ ጨርቅ መስሎ ይወጣል። የቀለሞቹን ሂስቶግራም ለየብቻ ከፍቶ ቀዩን ማየት፣ ከዚያም ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይለውጣል) መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ ላይ መተው ሌላው ስህተት ነው፤ ካሜራው በቢጫ የተሞላ ሜዳ ሲያይ ለማካካስ ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል። በ5,200 ኬልቪን አካባቢ ማሰር ይሻላል። በስልክ የሚያነሣ ሰው አበባው ላይ ጣቱን ተጭኖ ትኩረቱን ይቆልፍና ብርሃኑን ወደ ታች ይሳበው፤ በስልክ ዙም ከማድረግ ግን በእግር መቅረብ ይሻላል።

ሜዳ ሙሉ አደይ የሚመስለው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የተነሣው አበባው ሳሳ ካለ ቦታ ነው። ዘዴው 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ሌንስ፣ ካሜራውን ከአበባው ራስ ጋር እኩል አውርዶ፣ ከፊት ያለውንና ከኋላ ያለውን አንድ ላይ ማደራረብ ነው። ለዚህ ጉልበት መሬት ይነካል፤ መሬቱም ዋልካ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከማንኛውም ውድ የጉልበት መከላከያ ይበልጣል፤ እርጥበት አያስገባም፣ ሲጨቀይም ይታጠባል። አንድ አበባ በቅርብ ለማንሳት የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ ሹተሩም ቢያንስ 1/250 ሰከንድ ይሁን፤ ትሪፖድ ካሜራውን እንጂ አበባውን ከነፋስ አያቆመውም። ንቦች ሲሞሉበት ማንሳቱ መልካም ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚቆረጠው ከዚህ አበባ በኋላ ነውና። ቀፎ ወዳለበት ጓሮ ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ አለመጠጋት ነው።

ወፎቹ

ጥቁሩ የመስቀል ወፍ ለአደይ የተቀነሰውን ብርሃን ይፈልገዋል፤ በዚያው በተቀነሰው ልክ ከተነሣ ዓይን የሌለው ጥቁር ጉብታ ይሆናል። ስለዚህ ከአበባ ወደ ወፍ ሲዞሩ የብርሃን ማካካሻውን ወደ ዜሮ ወይም ወደ ጭማሪ መመለስ ግድ ነው፤ በየጉዞው የሚረሳውም ይኸው ነው። ወንዱ የወገቡን ቢጫ ላባ አንጨፍርሮ እያንሳፈፈ ሲበር ለመያዝ 1/2000 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ አገዳ ላይ ለተቀመጠ 1/800 ይበቃል። የትኩረት ነጥቡ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሰፊው ዓይነት ከወፉ ይልቅ ከፊት ያለውን ሣር ይይዛል።

ሜዳው ላይ ለመኪና የሚታገሡ ወፎች ለእግረኛ አይታገሡም። መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንብራ የተሞላ ከረጢት በመስኮቱ ላይ አድርጎ ሌንሱን ማሳረፍ ከሁሉ የተሻለ መደበቂያ ነው። ሞተሩ ከሠራ ንዝረቱ በረጅም ሌንስ ላይ በግልጽ ይታያል። በዚህ መንገድ የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩ ወፎች ናቸው። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ሰማያዊው የሚታየው ሲበር ነው፤ ሲሄድ አንገቱን ጀርባው ላይ ጥሎ የተኛ ይመስላል። ጋጋኖ የሚባለው ወፍ በማለዳ እየጮኸ ከማደሪያው ሲነሣ ድምፁ ከምስሉ ይቀድማል። ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ ደረቱን ጥቁር ቀለበት የከበበው ባለ ረጅም ጥፍሩ ወፍ አጥር እንጨት ላይ ቆሞ ይዘምራል፤ ይህ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ቦይ ዳር ጅራቱን እየነቀነቀ የሚመላለሰው የሩዤ ሬል የተባለው የረግረግ ወፍ ደግሞ ሰው ብዙም አይፈራም፤ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀው ራሱ ይመጣል።

እንጦጦ ላይ የሚፈለገው ሌላ ነው። የባሕር ዛፍ ሥር ብዙ አይበቅልም፤ አበባው ያለው ጽድ፣ አስታ፣ አሜጃና ቀጋ በቀሩበት፣ በጫካው ዳርና በገደሉ አፋፍ ነው። ራስ ክምር የሚባለው ብርቱካንማ አበባ የተከዜ ሰንበርድ የተባለውን የአበባ ወለላ መጣጭ ወፍ ይጠራል። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ነው፤ ቀለሙ ከላባው ቅርጽ የሚመጣ እንጂ ማቅለሚያ ስላልሆነ የሚበራው ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ስትሆን ብቻ ነው። አንድ የራስ ክምር ቁጥቋጦ መርጦ አምስት ሜትር ርቆ መጠበቅ ወፉን ከማሳደድ ይሻላል፤ ለቆ ቢሄድም ተመልሶ ይመጣል።

ረግረግ ውስጥ መግባት አይገባም። በሱሉልታና በሆለታ አቅራቢያ ባለው በርጋ ረግረግ በክረምት የሚራባው ነጭ ክንፉ ፍላፍቴል የተባለው ትንሽ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በእጅጉ የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ጎጆውን ከሣሩ ሥር ስለሚሠራ በጫማ ከተረገጠ የረገጠው ሰው እንኳ አያውቅም። የተቀዳ የወፍ ድምፅ ማጫወትም በመራቢያ ወቅት ወንዱን ከጎጆው ያርቀዋል።

ከሰው ጋር

ማሳው የሰው ነው፤ ስንዴው ወይም ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። በድንበሩ መሄድ፣ ገበሬውን ሲያገኙ በቋንቋው "አካም ቡልታን" ብሎ ጠይቆ ማለፍ ብዙ በር ይከፍታል። ሰፊው የሱሉልታ ሣር ለድርቆሽ የሚታጨድ ሀብት ነውና መረገጡ በገንዘብ ይቆጠራል። ልጆች የአደይ እቅፍ ይዘው መንገድ ላይ ሲሸጡ ፎቶ የሚያነሣ ሰው እቅፉንም ቢገዛ ተገቢ ነው። የቴሌ ማማ፣ ካምፕና የውኃ ግድብ አካባቢ ካሜራ ማውጣት ጥያቄ ያስከትላል፤ ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

ከጉዞ በኋላ

ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሞቅ ወዳለ ቡና ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ይይዛል፤ ከመግባት በፊት ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ግማሽ ሰዓት መተው ነው፤ ማበስ እርጥበቱን ያሰራጨዋል እንጂ አያወጣውም። የትሪፖድ እግር ላይ የቀረ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ስለሚይዝ መቆለፊያው አይከፈትም። እዚያው በውኃ ማጠብ፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ እግሮቹን ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ተጣጥፎ ያደረ ትሪፖድ ውስጡ ዝጎ ይገኛል።